አንብበኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል?
(በአንድ የአንባቢያን ስብሰባ ላይ በንግግር የቀረበ)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «አንባቢያን ስለ ልዩ ልዩ መጻሕፍት ያላቸው አስተያየት» የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ የኔ እውቀት ደግሞ ጠባብ። የሥነ ጽሑፍ ዶክተር አይደለሁም። በየጋዜጣው ደጅ እየጠናሁ የምጽፍ፣ አንድ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። የምችለው ነገር ቢኖር ማድመጥ ነው። መጽሐፍ አዟሪ ከደንበኛው ጋር ሲከራከር፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ልብ ወለድ ሲጣሉ፣ ታክሲ ውስጥ አንዷ የምታነበውን መጽሐፍ ጎኗ የተቀመጠችው አንገቷን አስግጋ አብራ ስታነብ ጆሮዬን ጣል ማድረግ እወዳለሁ።

በዚህ ሁሉ ማድመጥ የታዘብኩትን ገና ከመነሻው ላስቀምጠው፤ ከዚያ ትቃወሙኛላችሁ። በአገራችን ስለ መጽሐፍ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ችግሩ አስተያየቱ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ገጽ የመጣ አለመሆኑ ነው። ከሰፈር ይመጣል፤ ከፓርቲ ይመጣል፤ ከዘር ይመጣል፤ ከምረቃ አዳራሽ ይመጣል። ገጹን የሚጠይቀው የለም! ይህ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። አንብቦ የሚመሰክርለት ሰው ያጣ መጽሐፍ የጉልበተኛ መጫወቻ ይሆናል። ሲያሻው ያነግሠዋል፣ ሲያሻው ይቀብረዋል። እንዴት? በምሳሌ ልሂድ።

በጆሮ የተነበበው መጽሐፍ

ከታላቁ እንጀምር። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የዚህን መጽሐፍ ስም የማያውቅ የከተማ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። «አንብበኸዋል?» ስትሉት «እንዴታ!» ይላችኋል። «እስቲ የበዛብህ እናት ማን ትባላለች?» ብላችሁ ስትቀጥሉ ግን ዝም። (ውድነሽ በጣሙ ናት።) ነገሩ ወዲህ ነው፤ ብዙው ሰው መጽሐፉን ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ይህን ለማቃለል አይደለም የማነሳው። ያ ድምፅ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችንና አባቶችን ሁሉ የመጽሐፍ ቤተሰብ አድርጓል። ሆኖም መስማትና ማንበብ አንድ አይደሉም።

ያነበቡትን ስትጠይቁ ደግሞ ሌላ ጉድ ትሰማላችሁ። በዕድሜ የገፉት የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር አንስተው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። በ1960ዎቹ ተማሪ የነበሩት ፍቅሩን አልፈው ጉዱ ካሣን ይይዛሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻንና የባላገሩን አመጽ፣ አበጀ በለውን ይጠቅሳሉ። ለእነሱ መጽሐፉ የጌታና የገባር ክስ ነው። የዛሬዎቹ ወጣቶች «ደስ ይላል፣ ግን ረዘመ» ይላሉ። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ከሌላ ሰው ያልሰማሁትን ነገረችኝ። አባት «የዘር እኩያዋ አይደለም» እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ እንደሚያልፍ፣ እሷን ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት እንደሌለ አስረዳችኝ። ለዚህች ተማሪ መጽሐፉ የአባት ኩራት ሴት ልጁን በቁሟ እንዴት እንደሚቀብራት ነው የሚናገረው።

ታዲያ የትኛው ነው ልክ? እኔን ብትጠይቁኝ «ረዘመ» ያለውም ጭምር ሁሉም ልክ ናቸው። ምክንያቱም ሁሉም የሚያወሩት በመጽሐፉ ውስጥ ስላለ ነገር ነው። ገልጠን ልንከራከር እንችላለን። አንባቢ ያለው መጽሐፍ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ይወጣል፣ መጽሐፉ ግን አያልቅበትም።

መንግሥት አንባቢ ሲሆን

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት አንባቢ ላስተዋውቃችሁ፤ ሳንሱር። አትሳቁ፣ ሳንሱር እኮ አንባቢ ነው! እንዲያውም ከሁላችን ቀድሞ ያነብ የነበረው እሱ ነው። ልዩነቱ እኛ አስተያየታችንን በአፋችን ስንሰጥ እሱ በቀይ እስክሪብቶና በቁልፍ መስጠቱ ነው።

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አወጣ። በማህፀን ያለ ጽንስ «ወደዚህ ዓለም አልመጣም» ብሎ ከእናቱ ጋር የሚሟገትበት መጽሐፍ ነው። ልጅ መወለድን እንቢ የሚልበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው? ጥያቄው ገብቷቸዋል፤ አገዱት። ሳንሱር አንዳንዴ ከኛ የተሻለ አንባቢ ነበር ብል ታዝኑብኛላችሁ?

ወደ «ኦሮማይ» እንምጣ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ሳለ በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉ ታተመ። ፀጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ወርዶ ያየውን ይተርካል። መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ መቃብሩ እንኳን አይታወቅም።

ልብ በሉ! ባለሥልጣኖቹ መጽሐፉን ሲገልጡ መልካቸውን አዩበት፤ ያዩት ደግሞ አላማራቸውም። ያ የእነሱ አስተያየት ነበር። አስተያየት መስጠታቸው አይደለም ወንጀሉ፤ ሌላው ሰው አስተያየት እንዳይኖረው ማድረጋቸው ነው። ተራው አንባቢ ግን ምን አደረገ? መጽሐፉን ደበቀው። በጋዜጣ ሸፍኖ አነበበው፤ ለታመነ ወዳጅ «ለዛሬ ሌሊት ብቻ» ብሎ አዋሰው። ከጣሊያንኛ የመጣችው «ኦሮማይ» የምትለው ቃል ራሷ በከተማው ሰው አፍ ገብታ «አበቃ፣ አከተመ» ማለት ሆነች። መጽሐፉን ያተረፈው ያ ስሙ ያልተጻፈ አንባቢ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ይኸው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ታተመ። የውጭው አንባቢ የስለላና የፍቅር ታሪክ ብሎ ይገዛዋል። የኛ ሰው ግን ዛሬም «ይኼ ገጸ ባሕርይ በእውኑ እገሌ አይደል እንዴ?» እያለ ስም ሲያመሳክር ይውላል። በዚያ ግንባር የዘመተ አንድ ጡረተኛ ያሉኝን ግን አልረሳውም። ባለሥልጣኑ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጉጉትም የላቸው። እሳቸው ደጋግመው የሚያነቡት የመጨረሻውን ክፍል፣ ወታደሩ የናቅፋን ተራራ ሲወጣ የሚያሳየውን ነው። ያን ክፍል ከጨረሱ በኋላ ያን ቀን እህል እንደማይቀምሱ ነግረውኛል። ለዚህ ደግሞ ምን ዓይነት ሂስ ይጻፋል?

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ዓይን

ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚችልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ከየት ይምጣ? የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችው ብርማ ወረቀት ተላጠች። ወደ 3,000 የሚጠጋ ቁራጭ ላይ ተጽፎ፣ እየተሸሸገ ከግቢው ወጣ። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስር ቤቱ ውስጥ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለነበር ተራ እየተያዘ ይነበብ ነበር። ዛሬ መደርደሪያችን ላይ አቧራ የሚጠጣውን መጽሐፍ አስቡትና ያን ሰልፍ አስቡት!

ለእነዚያ አንባቢዎች መጽሐፉ ምን ነበር? አገሯ በጦርነት የነደደባት፣ ቤቷ የተዘረፈባት፣ የሚላስ የሚቀመስ ያጣች ሴት «አልሞትም» ብላ የምትነሳበት ታሪክ ነው። ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ እስረኛ እንዲህ ቢያነበው ይፈረድበታል?

አሁን ደግሞ ውቅያኖሱን እንሻገር። ይህ መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲታተም አሜሪካ ውስጥ እጅ በእጅ ተሽጧል፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ጥቁር አሜሪካውያን አንባቢዎች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት። ባርነትን እንደ ደግ ቤተሰብ ኑሮ አሳምሮ አቅርቧል፣ ባሪያው ጌታውን ወዶ የሚያገለግል አስመስሏል አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ያንኑ ታሪክ ገልብጣ በባርነት በተወለደች ሴት ዓይን ጻፈችው። የሚችል መጽሐፍ የመብት ባለቤቶች ፍርድ ቤት ገተሯት፤ ነገሩ በስተመጨረሻ በስምምነት አለቀ።

እንግዲህ የአዲስ አበባው እስረኛ ተሳስቷል? ጥቁሯ አሜሪካዊትስ? እኔ እንደማስበው ሁለቱም ገጹን ይዘዋል። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው አለ። በአማርኛ የወደድነውን መጽሐፍ፣ ሌላ ሰው በቁስሉ በኩል እንደሚያነበው ማወቅ ይገባናል። መውደዳችንን መተው የለብንም፤ የሱን ንባብ ግን «ምቀኝነት ነው» ብለን ማጣጣል አንችልም።

ብልግና ነው ወይስ እውነት?

የጋሽ ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ብታነሱ ሻይ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። የውቤ በረሃን ሌሊትና ሴቶች የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ሙሉው እስኪታተም ብዙ ዓመት ጠብቋል። በ2004 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛም ወጥቷል። አንዱ ወገን «ልጅ ካለበት ቤት አይገባም» ይላል። ይህን የሚሉትን አልንቅም። አንዲት እናት መጽሐፉን ከልጃቸው ቦርሳ አግኝተው፣ ራሳቸው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ «ለአዋቂ ይሁን፣ ለ14 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም» ብለው ፈረዱ። እሳቸው አንባቢ ናቸው! ሳያነብ የሚራገመውን ግን ምን እንበለው? አንዱን «የቱ ላይ ነው ነውሩ?» ብለው «ያንን ዓይነት መጽሐፍ በእጄም አልነካ» አለኝ። ያልነኩትን እንዴት ያወግዟል?

በዚያ ሰፈር ያደጉ አንድ ሰውዬ የነገሩኝ ደግሞ ይህን ነው። በሰፈሩ ሴቶቹን ሁሉም በአንድ የስድብ ስም ነበር የሚጠራቸው፤ በመጽሐፉ ግን እያንዳንዷ የራሷ ስም፣ የራሷ ጠባይ፣ የራሷ ቀልድ አላት። እኔም የምስማማው ከሳቸው ጋር ነው። ቃሉ ይጎረብጣል፤ ግን ከቃሉ በላይ ሊጎረብጠን የሚገባው ኑሮው ነበር።

የብዙኃኑና የጥቂቶቹ

በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ወጣት መጽሐፍ ሲያሳድድ አየን። ገዳም፣ ሳይንቲስት፣ ስለላ፣ የአገር ምስጢር፤ ምን የሌለ አለ? ተማሩ የሚባሉት አፍንጫቸውን ነፉ። «ይኼ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ነው?» አሉ። ለኔም ታሪኩ የሚዘልላቸው ቦታዎች አሉ፤ አጋጣሚው በዛ፣ ጀግናው ሁሉን ቻለ። ነገር ግን አንድ ረዳት ያለኝን ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ዳር እስከ ዳር ያነበበው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። «የኛ ሰው ትልቅ ነገር ሲሠራ አንብቤ አላውቅም ነበር» አለ። ይህን አስተያየት አፍንጫ በመንፋት አትመልሱትም።

በሌላው ጫፍ አዳም ረታ አለ። «ግራጫ ቃጭሎች»ን፣ «የስንብት ቀለማት»ን ያነበበ ሰው ወይ አምላኪ ይሆናል ወይ «አልገባኝም» ብሎ ይተወዋል። ደራሲው አጻጻፉን ከእንጀራ ዓይን ጋር አያይዞ «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ ብዙ ቀዳዳ፣ ብዙ መግቢያ። ጥሩ። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን «አልገባኝም» ማለትን የሚያፍር አንባቢ ነው። ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ አስቀምጦት፣ ሰው ፊት «ድንቅ ነው!» ይላል። ወገኖቼ፣ «እዚህ ገጽ ላይ ጠፋሁ» ማለት ሐቀኛ አስተያየት ነው። ከሐሰተኛ «ድንቅ ነው» አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል።

መታወቂያ የሚጠይቅ አንባቢ

ወደ መራራው ልምጣ። በ1992 ዓ.ም. የተስፋዬ ገብረአብ «የቡርቃ ዝምታ» ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ላይ አስተያየት ስሰበስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ መልስ ስለ መጽሐፉ አይደለም። ስለ ደራሲው ትውልድ ነው፤ ስለ ነበረበት ድርጅት ነው። ቀጥሎ እኔን ያዩኛል። የኔን ስምና የአባቴን ስም አይተው፣ ከዚያ አስተያየታቸውን ይመትራሉ። አንዱ «ተደብቆ የኖረ ቁስልን ገለጠ» ይላል። ሌላው «ጥላቻ የዘራ መጽሐፍ ነው» ይላል። ሁለቱም ከባድ ቃል ናቸው። ከባድ ቃል ደግሞ ከባድ ማስረጃ ይፈልጋል። «የትኛው ምዕራፍ? የትኛው ገጸ ባሕርይ? ደራሲው ራሱ ተናገረው ወይስ በሰው አፍ አናገረው? ልብ ወለድ ነው ወይስ ታሪክ ብለህ ነው ያነበብከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጠይቄ መልስ ያገኘሁት ከጥቂቶች ነው። የሚያሳዝነው መልስ ያላቸው ጥቂቶች ከሁለቱም ወገን መሆናቸውና እርስ በርስ ቢገናኙ ረጋ ብለው ሊነጋገሩ የሚችሉ መሆናቸው ነው። የሚጮኸው ያላነበበው ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በጻፈው ምክንያት የታሰረ የለም እያልኩ አይደለም፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ቀይ እስክሪብቶው ግን ከቢሮ ወጥቶ የት ገባ? እኔ ልንገራችሁ፤ እኛ ኪስ ገባ! ደራሲውን «የማን ወገን ነው?» ብለን ጠይቀን መጽሐፉን የምናግድ ሳንሱሮች ሆነናል፤ ያውም ደመወዝ የሌለን።

የምረቃ ጭብጨባ

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚመስል ግን ወንድሙ የሆነ በሽታ ደግሞ አለ፤ የምረቃ ሙገሳ። መጽሐፍ ይመረቃል። ማሲንቆ ይመታል። አስተያየት ሰጪ ተብሎ የተጠራው ሰው መጽሐፉ የደረሰው ትናንት ማታ ነው። ግን «ዘመን ተሻጋሪ ሥራ» ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። በማግሥቱ ያው ሰው ቡና እየጠጣ «ባክህ ተወኝ፣ ምንም የለውም» ይላል። ይሉኝታ ነው፤ እረዳዋለሁ። ደራሲው ወዳጁ ነው፤ ቤቱን አስይዞ ያሳተመም ይሆናል። ግን ያን ጭብጨባ ሰምታ ልትገዛ የምትሄደውን አስተማሪ ማን አሰባት? ዛሬ አንድ ልብ ወለድ በመቶ የሚቆጠር ብር ያስወጣል። ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ነው የምትገዛው። የሐሰት ምስክርነት በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም ወንጀሉ!

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ያየሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት የበዓሉ «ከአድማስ ባሻገር» ላይ ነው። መጽሐፉ ዳር ዳሩ በሦስት ሰው የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ኪራይ ሲዞር የኖረ መሆን አለበት። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ልሁን ብሎ ሲዋልል፣ የመጀመሪያው አንባቢ በሰማያዊ ቀለም «በርታ» ይለዋል። ሁለተኛው በእርሳስ፣ ቤተሰብ በምን ይብላ ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ከሁለቱ በታች ሁለቱንም ይገሥጻል፤ ጥፋቱ ከሥራውም ከሥዕሉም ሳይሆን መወሰን ካለመቻሉ ነው ባይ ነው። ሦስቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ዘራቸውን አልተጠያየቁም፤ ፓርቲያቸውን አልተጠያየቁም። የተከራከሩት አንድ ገጽ ላይ ቆመው ነው።

የኪራይ መጽሐፍ አበላሹ ማለቴ አይደለም፤ አከራዮቹ ይቆጡኛል። ያን ክርክር ግን ወደ ደብዳቤ፣ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ እንዲህ ያለ ስብሰባ እናውጣው ነው የምለው። አንድ ሰው ስለ መጽሐፍ ሲፈርድ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። አንደኛ፣ ጨርሰኸዋል? ሁለተኛ፣ የቱ ላይ ነው እንዲህ የሚለው? ሦስተኛ፣ ደራሲው የአጎትህ ልጅ ወይም ጠላትህ ባይሆን ኖሮ ይህንኑ ትል ነበር? የመጀመሪያውን ያላለፈ ሁለተኛው ላይ አይድረስ።

ደራሲያንም እዚህ ካላችሁ አንድ ቃል አለኝ። ከምረቃው ጭብጨባ ይልቅ «150ኛው ገጽ ላይ ሰለቸኝ» የሚላችሁን አንባቢ አክብሩት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ 150 ገጽ ድረስ አብሯችሁ ተጉዟል። ያጨበጨበው ከሽፋኑ አላለፈም።

በዓሉን ያጣነው የአንድ ወገን አስተያየት ብቻውን አገር በገዛበት ዘመን ነው። ያ ዘመን እንዳይመለስ የሚጠብቀው አዋጅ ብቻ አይደለም። መጽሐፉን አንብቦ «እኔ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ገጹም ይኸው» የሚል ብዙ ሰው ሲኖር ነው። አሁን መድረኩ የናንተ ነው፤ የማትስማሙበትን አንሱ። አደራ ግን፣ ገጹን ይዛችሁ ኑ!